እናቲቱንስ ማን ጠየቃት?

የወር አበባሽን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው? ስንተኛ እርግዝናሽ ነው? አስወርዶሽ ያውቃል? እግርሽ ያብጣል? ዓይንሽ ብዥ ይላል? የእርግዝና ክትትል የጀመረች ሴት እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ትመልሳለች። የደም ግፊቷ ይለካል፣ ደሟና ሽንቷ ይመረመራል፣ የብረት ኪኒን ይታዘዝላታል። ከወለደች በኋላ ደግሞ ጥያቄው ሁሉ ወደ ሕፃኑ ይዞራል፦ ስንት ኪሎ ነው? ጠባ? እትብቱ ደረቀ? ክትባት ጀመረ? ከዚህ ሁሉ መካከል «አንቺስ እንዴት ነሽ? ሕፃኑ ሲተኛ አንቺም እንቅልፍ ይወስድሻል? መኖር አስጠልቶሽ ያውቃል?» የሚለው የት ገባ?

ጥያቄው የቀረው ችግሩ ስለማይታወቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት በታዳጊ አገሮች ከነፍሰ ጡሮች 15.6 በመቶው፣ ከወለዱት ደግሞ 19.8 በመቶው የአእምሮ ጤና ችግር ያጋጥማቸዋል፤ ከሁሉ የሚበዛውም ድባቴ ነው። ከአምስት ወላድ አንዷ ማለት ነው። ከአምስት ወላድ የአንዷ ደም ግፊት ቢያሻቅብ ኖሮ ስንት ግብረ ኃይል ይቋቋም፣ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ስንት ፖስተር ይለጠፍ ነበር?

«ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል አይጠፋም። እኛ ዘንድ አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይቀርባል፣ ጎረቤት ሲገባ ሲወጣ ይውላል፤ ታዲያ ድባቴ ከየት በኩል ይገባል? ጥያቄው ቅን ነው፤ መልሱም ከሩቅ አይመጣም። ቡታጅራ አለ። ከሃያ ዓመት ግድም በፊት በቡታጅራ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ከ1,000 በላይ ሴቶችን ከእርግዝናቸው ጀምሮ የተከታተለ ጥናት ተካሂዷል። በእርግዝናቸው ወቅት የጭንቀትና የድባቴ ምልክት የበዛባቸው ሴቶች ምጣቸው የመርዘም፣ ሕፃኑን ጡት ማስጀመራቸውም የመዘግየት ዕድሉ ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ተገኘ። እነዚህ ሴቶች ፈረንጅ ነበሩ? ገንፎ ያልቀመሱ ነበሩ?

እርግጥ ልማዱ ብልህ ነው። አራስ ብቻዋን አትተው ብሎ የደነገገው ማንም ይሁን ማን፣ ሴት ልጅ በወለደች ሰሞን ምን ሊደርስባት እንደሚችል በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ራስጌዋ ብረት የሚቀመጠው ለሰይጣን ነው እንበል፤ አጠገቧ ሰው የሚያድረው ግን ለእሷ ነው። ሆኖም ይህ ልማድ ዛሬ የት አለ? በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባሏ ሥራ ገብቶባት፣ እናቷ ከጎጃም መጥታ አዝመራ ደረሰብኝ ብላ በአሥራ አምስተኛው ቀን የተመለሰችባት ሴት ቤት አለ? ተፈናቅላ በመጠለያ ድንኳን ውስጥ የወለደችው ዘንድስ? ሆዷ ሲገፋ «ወደ አገርሽ ሂጂ» ተብላ የተሰናበተችው የቤት ሠራተኛ ገንፎውን የሚያገነፋላት ማን ነው? ከጅዳ ወይም ከቤይሩት ሕፃን ታቅፋ የተመለሰችው ሴት ደጅ ላይስ እልልታ ይሰማል፣ ወይስ ሹክሹክታ?

ልማዱ ባለበት ቤትም ቢሆን፣ ጠያቂው የሚጠይቀው ምንድን ነው? ወንድ ነው ሴት? ማንን መሰለ? ጡት አላት? ክርስትናው መቼ ነው? አራሷ በጋቢ ተጠቅልላ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስለ ራሷ የሚወራውን ትሰማለች እንጂ መናገር ከእሷ አይጠበቅም። መናገር ብትጀምርስ? ማርያም የማረቻት፣ ጤነኛ ልጅ የታቀፈች ሴት «ደስ አላለኝም፤ ልጁን ሳየው ምንም አይሰማኝም» ብትል ምን ትባላለች? «ስንቷ ልጅ አጥታ እየተሳለች!» ትባላለች። በሙስሊሙም ቤት «አልሐምዱሊላህ በይ እንጂ» የሚላት አይጠፋም። ምስጋና መልካም ነው፤ ምስጋና አፍ መዝጊያ ሲሆን ግን ማን ነው የተጠቀመው? ሴቲቱ የምትማረው አንድ ነገር ነው፦ ጠያቂ ሲመጣ ፈገግ ማለት። ሰው የማይለይበት ቤት ውስጥ ያለች ሴት ጭልጥ ያለ ብቸኝነት ውስጥ ልትሆን እንደምትችል ለመቀበል ይህን ያህል የሚያስቸግረን ለምንድን ነው?

ልጇ የሞተባትማ ጭራሽ ቦታ የላትም። በ2019 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው እንደሚያልፉ አሳይቷል። ለእናታቸው የምንላት «ገና ልጅ ነሽ፣ እግዜር ይተካልሻል» ነው። ቀብሩ በጥቂት ሰው ይፈጸማል፤ ለቅሶ እንደ ትልቅ ሰው አይቀመጡላትም፤ ጡቷ ግን ወተቱን ማፍሰሱን አያቆምም። ይህችን ሴት ከጤና ተቋሙ ሲያሰናብታት «ከሳምንት በኋላ ተመለሺ፣ አንቺን ነው የምናየው» የሚል ባለሙያ አለ? ሕፃኗ ከሌለ የክትባት ቀጠሮም የላትም፤ የድኅረ ወሊድ ክትትሏን ካልመጣች «ለምን ቀረች?» ብሎ የሚፈልጋትስ ማን ነው?

ወደ ጤና ተቋሙ እንመለስ። ሴቲቱ «ድባቴ ያዘኝ» ብላ አትመጣም። «ራሴን ይወጋኛል፤ ልቤ ይመታል፤ እህል አልበላ አለኝ፤ ሐሳብ አብዝቻለሁ» ብላ ነው የምትመጣው። ፓራሲታሞል ይሰጣታል፤ «ውኃ ጠጪ፣ አትጨነቂ» ትባላለች፤ ትሄዳለች። አዋላጅ ነርሷን መውቀስ ቀላል ነው። ግን ስንት ሴት በር ላይ ተሰልፋ ነው የምታያት? በትምህርት ቤት ሳለች ስለ ደም መፍሰስና ስለ ምጥ መራዘም የሰለጠነችውን ያህል ስለዚህኛው ማን አሠለጠናት? መጋረጃ እንኳን በሌለበት ክፍል፣ አማቷ አጠገቧ ቆማ፣ የትኛዋ ሴት ናት የልቧን የምትናገረው? ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ በ2012 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ዋናው ሐሳቡ አገልግሎቱን ወደ ጤና ጣቢያ ማውረድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ባለሙያዎች የጥቂት ቀን ሥልጠና ወስደዋል። ሥልጠናው ግን የወሊድ ክፍሉን በር አንኳኩቶ ያውቃል?

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚሰጥ መልስ አለ፦ «ሴቶቹ አይመጡም።» እውነት ነው? በዚያው የ2019 ጥናት ከ100 ነፍሰ ጡሮች 74ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከሠለጠነ ባለሙያ ዘንድ ክትትል አድርገዋል። ከወለዱ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ የታዩት ግን 34 በመቶው ብቻ ናቸው። መልካም፣ እዚያ ላይ ክፍተት አለ። ነገር ግን ያቺው ሴት በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት፣ ከዚያም በዘጠነኛው ወር ሕፃኗን አዝላ ለክትባት አትመጣም? መርፌው ለሕፃኑ ነው፤ በእግሯ የመጣችው ግን እሷ ናት። ድባቴ ከሁሉ በላይ በሚበረታባቸው በእነዚህ ወራት ደጋግማ እፊታችን ትቀመጣለች፤ እኛ የምናየው የሕፃኑን ጭን ብቻ ነው። አትመጣም የሚባለው የትኛዋ ሴት ናት?

ምሁራኑንም ሳይነኩ ማለፍ አድልዎ ይሆናል። ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚወጡትን ጥናቶች የሚያገላብጥ ሰው ርዕሱን አስቀድሞ ያውቀዋል፦ በእንትን ከተማ የድኅረ ወሊድ ድባቴ ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች። የከተማው ስም ይቀየራል፤ መቶኛው ከፍና ዝቅ ይላል፤ የመጨረሻው አንቀጽ «የሚመለከታቸው አካላት ትኩረት ሊሰጡት ይገባል» ይላል። የሚመለከታቸው አካላት ያነቡታል? በእንግሊዝኛ ተጽፎ በውጭ መጽሔት ታትሞ፣ መረጃውን የሰጠችው ወረዳ አንድ ገጽ ማጠቃለያ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ደርሷታል?

ከዚህ የባሰም አለ። ብዙዎቹ የሚመዝኑበት መሣሪያ በ1987 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ የወጣው የኤዲንብራ መለኪያ ነው፤ አሥር ጥያቄዎች አሉት። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት መለኪያው አዲስ አበባ ላይ፣ ያውም ልጃቸውን ሊያስከትቡ በመጡ እናቶች ዘንድ፣ በደንብ እንደሚሠራ አሳይቷል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የታተመው የቡታጅራ ጥናት ግን በገጠር ሴቶች ዘንድ የታመመችውን ካልታመመችው በአግባቡ እንደማይለይ ነግሮን ነበር። ይህ ከታወቀ በኋላ ያንኑ ወረቀት ይዘን ገጠር ለገጠር የዞርነው ለምንድን ነው? ከቁጥሩስ ምን ልንማር ነው? የመጨረሻው የመለኪያው ጥያቄ ደግሞ ራስን ስለ መጉዳት ይጠይቃል። መረጃ ሰብሳቢው በር ላይ ቆሞ ይህን ሲጠይቅ «አዎ» ያለችው ሴት፣ ቅጹ ተሞልቶ ከታጠፈ በኋላ ወዴት ተወሰደች? በጎ ሥራ የሠሩ፣ ሴቶቹን ይዘው ሐኪም ዘንድ ያደረሱ ተመራማሪዎች እንዳሉ አልክድም። ግን ደንቡ ይሄ ነው ወይስ እነሱ ናቸው ልዩ የሆኑት?

የበሽታውን ምንጭ ሆርሞን ላይ ብቻ የምናንጠለጥል ሰዎችም ራሳችንን ብንጠይቅ ደግ ነው። ሆርሞን አለበት፤ እንቅልፍ ማጣትም አለበት። ነገር ግን በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው ወይም ከአጋራቸው አካላዊ፣ ጾታዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ከአራት ልደት አንዱ ያልታቀደ ነበር፤ ወይ ከነጭራሹ ያልተፈለገ፣ ወይ ጊዜው ያልሆነ። ባሏ የሚደበድባትን ሴት ኪኒን ብቻ ሰጥተን ወደዚያው ቤት ስንመልሳት ያከምነው ማንን ነው? እዚህ ላይ መድኃኒቱን ማናናቄ አይደለም። ለብዙ ሴት ሕይወት ያተርፋል፤ ጡት እያጠቡ የሚወሰዱም አሉ፣ ለምሳሌ ሰርትራሊን። «እያጠባሁ ኪኒን አልነካም» ብላ በሥቃይዋ የጸናችን እናት ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳት አለ? በተቃራኒው ለሚጥል በሽታና ለባይፖላር ሕመም የሚሰጠው ቫልፕሮኤት ለፅንስ አደገኛ ነው። ልጅ ልትወልድ በምትችል ዕድሜ ላይ ላለች ሴት ይህ ሳይነገራት የሚታዘዝበት ቦታ የለም ብሎ የሚምል ማን ነው?

አባትየውስ? በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በግል ድርጅት የሚሠራ አባት ሚስቱ ስትወልድ የሚያገኘው ፈቃድ ሦስት ተከታታይ ቀን ነው። በቀዶ ሕክምና የወለደች ሴት በሦስተኛው ቀን ቀና ብላ መቀመጥ ትችል እንደሆነ ሕግ አውጪዎቹ ቤታቸው ጠይቀው ነበር? ለእናቲቱ የተሰጠው 120 ቀን ደህና ነው፤ ያውም ደመወዝ ላላት። ገበያ ላይ ጎመን የምትቸረችረዋ፣ ሰው ቤት እንጀራ የምትጋግረዋ፣ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ባል ያላትና ራሷም የምታርመዋ፣ እነዚህ የፈቃድ ቅጽ የሚሞሉት የት ነው?

ከድባቴው የከፋው ሌላ ነው። ከ1,000 ወላዶች አንዷን ወይም ሁለቷን የሚይዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚነሣ ከባድ ሕመም አለ። ሴቲቱ ቀናት ሳትተኛ ታድራለች፤ የሌለ ድምፅ ትሰማለች፤ ሕፃኑ የእሷ እንዳልሆነ ወይም ክፉ ነገር እንደተጠናወተው ታምናለች። በአገራችን በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ይወለዳሉ፤ በትንሹ ብንገምት እንኳን ይህ ሕመም በየዓመቱ ከ3,000 የማያንሱ እናቶችን ያገኛል። ደም ከሚፈሳት ወላድ እኩል መኪና ተፈልጎ ሆስፒታል መድረስ ያለባት ሴት ናት። የምትደርሰው ግን ብዙ ጊዜ ጸበል ነው፤ አንዳንዴም ታስራ። ጸበሉን ለምን ሄደች አልልም፤ ሰው በእምነቱ ይጽናናል። የምጠይቀው ሌላ ነው፦ የጸበሉ አገልጋይ አራስ መሆኗን ሲሰማ «ሐኪምም ይያት፣ ጸበሉ አይከለክልም» እንዲል ያነጋገረው የጤና ባለሙያ አለ? የመጀመሪያው ታዛቢ እሱ ሆኖ ሳለ ስብሰባ ላይ የማይጠራው ለምንድን ነው?

የሚገርመው፣ ይህን ሁኔታ ሕጋችን ያውቀዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 544፣ በምጥ ላይ ሳለች ወይም ከምጡ ቀጥተኛ ውጤት ገና ሳትላቀቅ ልጇን የገደለች እናት ከሌላው ነፍሰ ገዳይ በቀለለ፣ በቀላል እስራት እንድትቀጣ ይደነግጋል። ሕጉ ስለ ሴቲቱ ሁኔታ ለማሰብ ጊዜ ወስዷል ማለት ነው። እኛ ግን ዳኛው ፊት ከመቆሟ በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት የት ነበርን? ዳኛ እንዲረዳት የተጻፈላት ሴት አዋላጅ እንዲረዳት ያልተጻፈላት ለምን ይሆን?

ስለ ሞት ከተነሣ አይቀር አንድ የመዝገብ ጥያቄ አለኝ። ኢትዮጵያ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱን የእናት ሞት የሚመዘግብና የሚገመግም ሥርዓት ዘርግታለች። በጎ ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በእርግዝና ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ራሷን ያጠፋች ሴት ከቀጥተኛ የእናቶች ሞት ጋር እንድትቆጠር ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይመክራል። በእንግሊዝ አገር በዚህ መንገድ ሲቆጠር፣ ከወሊድ ስድስት ሳምንት በኋላ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ባለው ጊዜ እናቶችን በቀጥታ ከሚገድሉ ምክንያቶች ራስን ማጥፋት ቀዳሚ ሆኖ ተገኘ። እኛ ዘንድስ? ቤተሰቡ ለቀብሩና ለፍትሐቱ ሲል «በአደጋ ነው» ሲል፣ ገምጋሚ ኮሚቴው ከዚያ ወዲያ ይጠይቃል? ስድስት ሳምንት ያለፋት ሴትስ በየትኛው ዓምድ ትገባለች?

ደግነቱ ምን መደረግ እንዳለበት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። በገጠር ፓኪስታን፣ ራዋልፒንዲ አካባቢ፣ የእኛን ጤና ኤክስቴንሽን የሚመስሉ ሴት የመንደር ጤና ሠራተኞች አሉ። ተመራማሪው አቲፍ ራህማንና ባልደረቦቹ እነዚህን ሴቶች አሠልጥነው፣ በእርግዝናቸው ድባቴ የተገኘባቸውን ሴቶች ቤታቸው ድረስ ሄደው እንዲያነጋግሩ አደረጉ፤ ስለ ራሷ፣ ስለ ሕፃኑና በዙሪያዋ ስላሉት ሰዎች ያላትን አስተሳሰብ ቀስ በቀስ አብረዋት እንዲያዩ። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት እንዲህ ነው፦ ከወለዱ ከስድስት ወር በኋላ ይህን ድጋፍ ካገኙት በድባቴ ውስጥ የቀሩት 23 በመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው ጉብኝት ብቻ ከቆዩት 53 በመቶ ነበሩ። ሐኪም የለም፤ መድኃኒት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን አሻሽሎ አሳትሞታል። እኛ በ1995 ዓ.ም. የጀመርነው፣ ሁለት ሁለት ሴቶችን በየቀበሌው ያስቀመጠ፣ ዓለም ሊያይ የሚመጣለት ፕሮግራም አለን። ጎደለ የምንለው ምኑ ነው?

የጎደለውን ላለመደበቅ፦ ጤና ኤክስቴንሽኗ ራሷ ደክማለች። መጸዳጃ ቤት አስቆፍሪ፣ ወባ መርምሪ፣ ክትባት ስጪ፣ ሪፖርት ሙዪ፣ የቀበሌ ስብሰባ ተገኚ ትባላለች። ለአምስት ሺህ ሰው ሁለት ሆነው ነው ይህን ሁሉ የሚሸከሙት። ራሷም ወላድ ናት፤ ራሷንም «እንዴት ነሽ?» ያላት የለም። በዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ቅጽ ጭነን «የእናቶች የአእምሮ ጤና ተጀመረ» ብለን ሪባን ልንቆርጥ ከሆነ ባይጀመር ይሻላል። ጠይቆ መሄድ ካለመጠየቅ ይከፋል፤ ሴቲቱ አንድ ጊዜ ልቧን ከፍታ ምንም ካልመጣላት ዳግመኛ አትከፍትም። ስለዚህ ለጤና ሚኒስቴር የሚቀርቡት ጥያቄዎች የቢሮ ጥያቄዎች ናቸው። ለዚህ ሥራ ከጤና ኤክስቴንሽኗ ትከሻ ላይ የትኛው ሥራ ይወርዳል? በወር አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ የሰማችውን ከባድ ነገር የሚሰማላት ተቆጣጣሪ ማን ነው? በጤና ጣቢያው የክትትልና የወሊድ አገልግሎቱ በነፃ ሲሰጥ፣ የዚህችኛዋ ሴት መድኃኒት ከማን ኪስ ይወጣል? ከጤና ጣቢያ አቅም በላይ የሆነችውስ ሕፃኗን ሳትነጠል የምትተኛበት አልጋ በየትኛው ክልል ሆስፒታል ተዘጋጅቷል? የክትባት ሽፋን በየሩብ ዓመቱ በመቶኛ ይነገረናል። ስንት እናቶች ተጠየቁ፣ ስንቱ «አዎ፣ ከብዶኛል» አሉ፣ ከእነሱስ ስንቱ እርዳታ አገኙ የሚሉት ሦስት ቁጥሮች ከመጪው ዓመት ሪፖርት የትኛው ገጽ ላይ ይታተማሉ?